ማሊያው የማን ይሻላል? ናይኪ፣ አዲዳስ ወይስ አንደር አርመር

በኮሌጅ ፉትቦል ሜዳ ላይ የሚለበሰውና በሱቅ የሚሸጠው አንድ አይደለም

መስከረም ሲጠባ በአሜሪካ ምድር ቅዳሜ የፉትቦል ቀን ይሆናል። ልጁን ሜሪላንድ ወይም ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ወላጅ ጨዋታውን ባይወደው እንኳ ከወጪው አያመልጥም። ልጅ ከቤት በወጣ በመጀመሪያው ወር ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የትምህርት ቤቱ ማሊያ ነውና። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከመቶ ዶላር በላይ መሆኑን ሲሰማ "ለመሆኑ ከምን ቢሠራ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ አባት ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ክርክር አላቸው። የናይኪ ይበልጣል፣ የለም የአዲዳስ ይሻላል፣ አንደር አርመርስ ምን አነሰው እየተባባሉ ያመሻሉ።

የአባትየውም ሆነ የልጆቹ ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ የሚለብሰውና ተማሪው ከሱቅ የሚገዛው ማሊያ መልካቸው አንድ ይሁን እንጂ አሠራራቸው አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ነው። ስለ አንዱ የሚነገረውን ሙገሳ ለሌላው ማዋል ገንዘብ ያስወጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በላብ የራሰው ካናቴራ

የነገሩን ሥር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጅታውን ድረስ ብቻ ነው። ኬቨን ፕላንክ የተባለ ወጣት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ይጫወት ነበር። ከትከሻ መከላከያው ሥር የሚለብሰው የጥጥ ካናቴራ በላብ እየራሰ ይከብደውና ያስመርረው ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ሲጨርስ፣ በ1996፣ አንደር አርመር የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ቢሮውም ጆርጅታውን የሚገኘው የሴት አያቱ ቤት ምድር ቤት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ 17 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ የጆርጂያ ቴክ ቡድን ነበር። ኩባንያው በኋላ ወደ ባልቲሞር ተዛውሮ ከናይኪና ከአዲዳስ ጋር የሚፎካከር ለመሆን በቅቷል።

ፕላንክ አዲስ ክር አልፈለሰፈም። ያደረገው ነገር ቢኖር ጥጡን በሰው ሠራሽ ጨርቅ መተካት ነው። ጥጥ ውኃ ይወዳል፤ ደረቅ ነው የምንለው ጥጥ እንኳ ከአየር በሚስበው እርጥበት ብቻ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል። ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ አይሞላም። ስለዚህ ላቡ ክሩ ውስጥ ሰርጎ አይቀርም፤ በክሮቹ መካከል ወደ ውጭ ተስቦ ይተናል። በነሐሴ ፀሐይ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ጭኖ ለሚሮጥ ልጅ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት የውስጡን ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት ላቡ ሲተን ነው።

ዛሬ ሦስቱም ኩባንያዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ዓይነት ጨርቅ ነው። ፖሊስተር አለ፣ የሚለጠጥ ኢላስቴን የተባለ ክር ይጨመርበታል፣ አየር በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጨርቅ ይገባል። እያንዳንዱ ኩባንያ ለየጨርቁ ግርማ ሞገስ ያለው ስም ያወጣለታል። ስሙ ሲገፈፍ ግን የሚቀረው ልዩነት በማስታወቂያ እንደሚነገረው ሰፊ አይደለም።

በነገራችን ላይ ሰዎች ማሊያ ሲያወዳድሩ ጎልቶ የሚታያቸው የራስ ቁሩ ነው። እሱን ግን ከሦስቱ አንዳቸውም አይሠሩትም፤ የሚሠሩት እንደ ሪዴል ያሉ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው።

ሆን ተብሎ የሚቀደድ፣ ሳይታሰብም የሚቀደድ

ማሊያ ተቀደደ ሲባል ዛሬ የኩባንያው ውርደት ነው። በ1970ዎቹ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ኳስ ይዘው የሚሮጡ ተጫዋቾች በቀላሉ እንዲቀደድ ተደርጎ የተሠራ ስስ ማሊያ ይለብሱ ነበር። ተከላካዩ ከኋላ ጨምድዶ ሲይዝ እጁ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይቀራል፣ ሯጩ ይሄዳል። በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው ግሬግ ፕሩት በዚህ ስሙ ይነሣል። አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ብዙ ማሊያ መጨረሱ ስላስቸገረ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤንሲኤኤ፣ በ1982 ከለከለው።

የዛሬው መፍትሔ ሌላ ነው። ማሊያው እንዳይጨመደድ ከመከላከያው ጋር ተጣብቆ ይሰፋል፤ ተጣብቆ እንዲለበስ መለጠጥ አለበት፤ እንዲለጠጥና እንዲቀል ደግሞ መሳሳት አለበት። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። የሳሳና የተወጠረ ጨርቅ አንድ ክር ከተበጠሰበት እስከ ታች ይሄዳል።

ይህ በአሜሪካ ፉትቦል ብቻ የሚታይ አይደለም። የእኛን ኳስ የሚከታተል ሰው በ2016 በፈረንሳይ በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ስዊዘርላንድ ከፈረንሳይ ጋር ባዶ ለባዶ የተለያየችበትን ጨዋታ አይረሳም። የበርካታ የስዊዘርላንድ ተጫዋቾች ማሊያ እንደ ወረቀት ተተልትሏል። ሠሪው ፑማ ምርመራ አድርጎ የሰጠው ማብራሪያ፣ ከአንድ ዙር ምርት የወጣው ጨርቅ ክሮቹ በሥራ ላይ ሳሉ ተጎድተው ነበር የሚል ነው። ኢላስቴን ባለበት ጨርቅ ላይ ሙቀቱ፣ ጫናውና የሚቆይበት ጊዜ በትክክል ካልተመጠነ እንዲህ እንደሚሆን ኩባንያው ገልጿል። አንባቢ ይህችን የሙቀት ነገር ልብ ይበል፤ ቤት ውስጥ ባለው የልብስ ማድረቂያም ትመጣለች።

ናይኪም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም። በየካቲት 2019 የዱክ ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዛየን ዊልያምሰን ከኖርዝ ካሮላይና ጋር በተደረገው ጨዋታ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የናይኪ ጫማው ተሰንጥቆ ወድቋል፤ ጉልበቱም ተጎድቶ ነበር። ቀድሞው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በቦታው ተገኝተው ነበርና ዜናው በየቤቱ ገባ። በ2024 ደግሞ ናይኪ ለቤዝቦል ሊግ ያቀረበው፣ ፋናቲክስ የሰፋው አዲስ ማሊያ ቀለለ፣ አየር ያስገባል ተብሎ ቢወደስም ተጫዋቾቹ ግን ሱሪው ገላ ያሳያል፣ በጀርባው ያለው የስም ፊደል አንሷል፣ ላቡ እድፍ መስሎ ይታያል ብለው አጉረመረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ትልልቆቹ ፊደላት ተመለሱ። ቀለለ ማለት ሁልጊዜ ተሻለ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ስለ መቅለል ከተነሣ የራሳችንን ሰው መጥቀስ ይገባል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአዲዳስ፣ ቀነኒሳ በቀለ የናይኪ ሯጭ ሆነው መኖራቸው ይታወቃል። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የተጫማችው የአዲዳስ ጫማ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ኩባንያው ራሱ ጫማው የተሠራው ለአንድ ማራቶን መሆኑን አልደበቀም። ከዓለም አንደኛ የሆነው ጫማ የሚያገለግለው ለአንድ ቀን ነው። የእናቶቻችን የጥራት መለኪያ "ስንት ዓመት ይለበሳል?" የሚል ነው፤ የእነዚህ ኩባንያዎች መለኪያ ግን "ስንት ግራም ቀነሰ?" የሚል ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ስፌት ወይስ ሕትመት

ማሊያ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚዳስሰው ቁጥሩን ነው። በድሮው አሠራር ቁጥሩ ከሌላ ጠንካራ ጨርቅ ተቆርጦ በዙሪያው ይሰፋል። ሲያዩት ያምራል፣ ዘመንም ይሻገራል። ይሁን እንጂ ለተጫዋቹ ሸክም ነው። የተሰፋው ክፍል አይለጠጥም፣ አየር አያሳልፍም፣ ላብ ይዞ ይከብዳል። ደረትና ጀርባ ላይ ሁለት ሁለት አኃዝ ሲሰፋ ከማሊያው ሰፊው ክፍል ታተመ ማለት ነው። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት የሜዳው ማሊያ ቁጥር እየቀለለ ሄዷል፤ በሙቀት የሚጣበቅ ወይም የሚታተም ስስ ቁጥር እየበዛ መጥቷል።

እንግዲህ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ገዢው የተሰፋ ቁጥር ሲያይ "ኦሪጂናሉ ይህ ነው" ይላል፤ ተጫዋቹ ግን ያንን ትቶ ወደ ሕትመቱ ሄዷል። በሱቅ ያሉት ደረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው። ርካሹ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ቁጥሩ የታተመና እንደ ካናቴራ የሚለበስ ነው። መካከለኛው ቁጥሩ የተሰፋ ሲሆን ዋጋውም ከፍ ይላል። ከሁሉ የሚወደደው የሜዳውን አሠራር የተከተለ ነው የሚባለው ነው። ይኸኛው ለትከሻ መከላከያ ተብሎ ስለተቆረጠ መከላከያ የሌለው ሰው ሲለብሰው ትከሻው ላይ አይቀመጥለትም። ለትምህርት ቤት ልጅ ከሁሉ የሚስማማው ርካሹ ወይም መካከለኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀለምና ባንዲራ

ደጋፊዎች አጥብቀው የሚጣሉት ግን በስፌት ሳይሆን በቀለም ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በአዲዳስ ዘመን "ቢጫችን የእኛ ቢጫ አይደለም፣ ዓይን ይወጋል" የሚሉ ደጋፊዎች ብዙ ነበሩ። በ2016 ዩኒቨርሲቲው ወደ ናይኪ ሲዞር አዲሱን ልብስ ለመግዛት ሰዎች በእኩለ ሌሊት አን አርበር ከተማ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰልፈዋል። ሞኝነት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። የባንዲራችን አረንጓዴ ሎሚ መስሎ ታትሞ ሲያይ የማይከፋው ሐበሻ ግን ካለ ይናገር።

በዚህ በኩል አንደር አርመር ሜሪላንድ ላይ ያደረገው እስከ ዛሬ ይወራል። በመስከረም 2011 ሜሪላንድ ማያሚን 32 ለ 24 ባሸነፈበት ጨዋታ ተጫዋቾቹ የግዛቲቱን ባንዲራ በራስ ቁርና በትከሻቸው ላይ ለብሰው ወጡ። ጥቁርና ወርቅማው የካልቨርት ቤተሰብ፣ ቀይና ነጩ የክሮስላንድ ቤተሰብ ምልክት ሲሆን፣ ሁለቱ ግማሽ ለግማሽ ተከፍለው ነበር። ግማሹ ተመልካች አስቀያሚ አለው፣ ግማሹ ወደደው፤ ስለ ሜሪላንድ ቡድን ያልሰማ ግን አልቀረም። ለኩባንያውም ለዩኒቨርሲቲውም የተፈለገው ይኸው ነበር።

ይህን መንገድ የጠረገችው ኦሪገን ናት። የናይኪ መሥራች ፊል ናይት በዚያው ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝ ቢል ባወርማን ሥር የሮጠ ሰው ነው። ኦሪገን በ1996 የመጀመሪያ ቀን በኮሎራዶ 38 ለ 6 ከተረታች ወዲህ በናይት እገዛ ልብሷ እየተለዋወጠ፣ አንዱ ሳምንት ከሌላው ሳምንት ሳይመሳሰል ቀጥሏል። ነገሩ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የ17 ዓመት ጎበዝ ተጫዋች የት ልግባ ብሎ ሲያስብ ልብሱም ያማልለዋል። በአንጻሩ አላባማን የሚያለብሰውም ናይኪ ነው፤ የአላባማ ማሊያ ግን ከአያት ዘመን ብዙም አልተለወጠም። ስለዚህ "ናይኪ ያበዛዋል" ወይም "ናይኪ ጨዋ ነው" የሚለው ፍርድ ለኩባንያው የሚሰጥ አይደለም። ንድፉን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው ነገር ነው።

ገንዘቡ የት ይሄዳል

ታዲያ ጨርቁ ተቀራራቢ ከሆነ ዩኒቨርሲቲዎች ለምን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ? መልሱ ውሉ ነው። ኩባንያው ለዩኒቨርሲቲው ልብስና ጫማ ይሰጣል፣ ጥሬ ገንዘብም ይከፍላል፤ በምላሹ የስፖርት ክፍሉ ሁሉ የእሱን ምልክት ይለብሳል። ኦሃዮ ስቴት በ2016 ከናይኪ ጋር የተዋዋለው ለ15 ዓመት 252 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ነው። በዚያው ዓመት አንደር አርመር ሎስ አንጀለስ ካለው ዩሲኤልኤ ጋር ለ15 ዓመት በ280 ሚሊዮን ተፈራረመ፤ በኮሌጅ ስፖርት እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ውል አልታየም ነበር።

ውሉ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። አንደር አርመር ገበያው ሲቀዘቅዝበት በ2020 ውሉን አፈረሰ፣ ዩኒቨርሲቲው ከሰሰ፣ በ2022 ኩባንያው 67 ሚሊዮን ዶላር ተኩል ያህል ሊከፍል ተስማሙ። ዩሲኤልኤ ውሉ ከፈረሰ በኋላ ከናይኪና ከጆርዳን ጋር የተዋዋለው ለስድስት ዓመት በ46 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነው። ማሊያው ከቀድሞው የባሰ ሆነ ያለ ግን አልተሰማም። ዋጋው የወደቀው የጨርቁ ሳይሆን የምልክቱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ሚሊዮን ላቡን ለሚያፈስሰው ተጫዋች ለረጅም ዘመን አንድ ሳንቲም አልደረሰውም። በነሐሴ 2013 የቴሌቪዥን ተንታኙ ጄይ ቢላስ በኤንሲኤኤ የኢንተርኔት ሱቅ ውስጥ የታዋቂ ተጫዋቾችን ስም እየጻፈ ሲፈልግ የየተጫዋቹ ቁጥር ያለበት ማሊያ እየተመዘዘ ወጣ። ማኅበሩ ማሊያው የማንንም ስም አይወክልም ሲል የኖረ ነውና አፍሮ ሽያጩን አቆመ። ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደው ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲከፍሏቸው ደግሞ በሰኔ 2025 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት ተፈቀደ። ዛሬ የተጫዋቹ ስም የተጻፈበት ማሊያ ሲሸጥ ባለ ስሙም ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

የሰፋውስ? የዩኒቨርሲቲ ስም ያለባቸው ልብሶች አብዛኛዎቹ የሚሰፉት በእስያና በመካከለኛው አሜሪካ ነው። በ2009 ራስል የተባለው ኩባንያ ሠራተኞቹ ማኅበር ያቋቋሙበትን የሆንዱራስ ፋብሪካ ሲዘጋ የአሜሪካ ተማሪዎች ተነሡበት፤ መቶ ገደማ ዩኒቨርሲቲዎች ውላቸውን ሰረዙ። በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያው ፋብሪካ እንደገና ከፍቶ 1,200 ሠራተኞችን ሊመልስ ተስማማ። ልጆቹ የጮኹት ማሊያው ስለ ተቀደደ አልነበረም። በዚያ ትግል የተሳተፈው የሠራተኞች መብት ተቆጣጣሪ ድርጅት በ2018 መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎችም ዘገባ አውጥቷል፤ በ2019 በወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ የሐዋሳ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረ ተገልጿል። እዚያ ይሰፋ የነበረው የፉትቦል ማሊያ አይደለም፤ ቢሆንም ከመቶ ዶላር ማሊያ ውስጥ የሰፊዋ ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን ለሚያስብ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል።

ለመግዛት ላሰበ

በልብሱ ላይ የተሰፋው የዋጋ ወረቀት ዘንድ የሚያብለጨልጭ የኮሌጅ ፈቃድ ምልክት መኖሩን ይዩ፤ በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይህ የለውም። ማሊያውን ገልብጠው የብብቱንና የትከሻውን ስፌት ይመልከቱ፤ ክር የተንጠለጠለበት ከሆነ ይተውት። ቁጥሩ የታተመ ከሆነ ጠርዙን በጥፍር ነካ ያድርጉት፤ ገና በሱቅ እያለ የሚነሣ ከሆነ ሁለት እጥበት አይችልም። ሲያጥቡት ገልብጠው በቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት፣ ማድረቂያ ውስጥ ግን አያስገቡት። የስዊዘርላንዶቹን ማሊያ የጎዳው ሙቀት ፋብሪካ ውስጥ እንደሆነ ሁሉ፣ የሚለጠጠውን ክር የሚያደክመውና የታተመውን ቁጥር የሚሰነጥቀው ይኸው ሙቀት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ውል መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁ። ቴነሲና ፔን ስቴት ከ2026 ጀምሮ ናይኪን ትተው ወደ አዲዳስ እንደሚዞሩ በ2025 አስታውቀዋል። ፔን ስቴት ከናይኪ ጋር የቆየው ከ1993 ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ የድሮው ምልክት ያለበት ልብስ በየሱቁ ዋጋው እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ልጁ "ይህ እኮ ያለፈው ዓመት ነው" ካላለ በስተቀር ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው።